ጀልባዋስ ቀላል ናት፤ ጣጣዋ ነው እንጂ

እስቲ ስልኩን ወደዚህ አዙሪው። አትዝጊው፤ ካየሁት ቆየሁ። ከትናንት ጀምሮ ያንኑ ማስታወቂያ ስትከፍቺ ስትዘጊ ነው የዋልሽው። «ኤ-ክላስ ካታማራን፣ ያገለገለ፣ ከነተጎታቹ።» ፎቶው ያምራል፤ ሻጩ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠብቆ ነው ያነሳው። ገንዘብ ከመላክሽ በፊት ግን አጠገቤ ቁጭ በይና እናውራ። የሆላንዱን ሐይቅ አይሰልሜርንም አውቀዋለሁ፣ አንቺንም አውቅሻለሁ፤ ሁለታችሁም ስትነሱ አትቻሉም።

መጀመሪያ ምን ልትገዢ እንደሆነ እንይ። ኤ-ክላስ (ባጭሩ ኤ-ካት) አንድ ሰው ብቻ የሚነዳት፣ ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች ጎን ለጎን የተያያዙባት የውድድር ጀልባ ናት። ርዝመቷ 5.49 ሜትር፣ ስፋቷ ቢበዛ 2.30 ሜትር ነው። ሸራዋ ምሰሶውን ጨምሮ ከ13.94 ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቷም ከ75 ኪሎ እንዳያንስ ደንቡ ያዛል። እንዳያንስ ነው ያልኩሽ፤ ሰሪዎቹን ዝም ቢሏቸው ከዚያም በታች ይወርዱ ነበር። አንቺ የተማርሽበት ሌዘር የተባለው ትንሽ ጀልባ ባዶ ቀፎው ብቻ 59 ኪሎ ይመዝናል፤ ትልቁ ሸራው ደግሞ 7.06 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ ይቺ ክብደት ሳትጨምር ሸራዋን እጥፍ ልታደርግ ምንም አልቀራት። ደስታውም መከራውም ከዚህ ሒሳብ ይመጣል።

ደስታውን አልደብቅሽም። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ለስለስ ያለ ነፋስ በቂሽ ነው። ከምሰሶው የሚወርደውን የትራፔዝ ሽቦ ወገብሽ ላይ ካለው መንጠቆ ጋር ታያይዢና፣ እግርሽን ቀፎው ጠርዝ ላይ ተክለሽ ከውሃው በላይ ትዘረጊያለሽ። ያኔ በነፋሱ በኩል ያለው ቀፎ ቀስ ብሎ ከውሃው ይነሳል፤ ሲንቦጫረቅ የነበረው ውሃ ድምፁ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጀልባዋም አንድ እግሯን አንስታ ትፈተለካለች። ነፋሱ ጠንከር ሲል በሰዓት ከ37 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ለእሷ ብርቅ አይደለም። በሌዘር ወገብሽ እስኪንቀጠቀጥ ተንጠልጥለሽ የምታገኚውን ፍጥነት እሷ ገና ስትንደረደር ታልፈዋለች።

ሌላም አለ። ፍጥነቷ የራሷን ነፋስ ያመጣል። በፈጠነች ቁጥር ፊትሽ ላይ የሚሰማሽ ነፋስ ወደ አፍንጫዋ ይዞራል። ስለዚህ ነፋሱን ከኋላሽ አድርገሽ ስትመለሺ በቀጥታ አትሄጂም፤ ግራና ቀኝ እየቆረጥሽ ነው የምትወርጂው። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ቀድመሽ ትደርሻለሽ። ይህን እጅሽ ሲለምደው ሌላ ጀልባ ላይ ስትወጪ ተኝተው የሚነዱት ይመስልሻል። አውስትራሊያዊው ግሌን አሽቢ 10 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚችው ክላስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቤርሙዳ ላይ የኒውዚላንድ ቡድን የአሜሪካ ዋንጫን ሲወስድም ስኪፐሩ እሱ ነበር። ይቺን ጀልባ አሳምሮ የነዳ ሰው ትልልቆቹም እንደማያቅቱት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ደግሞ ሰው መለመን የለም! የሁለት ሰው ጀልባ የገዙ ጓደኞችሽን ታውቂያቸዋለሽ፤ አንዷ ስትመቻት ሌላዋ ፈረቃ ላይ ናት፣ አንዷ ስትድን ሌላዋ ጉንፋን ይዟታል። እዚህ ሸራው አንድ፣ የሸራው ገመድ አንድ፣ ትራፔዙም አንድ ነው። ከሥራ ስትወጪ ነፋስ ካለ ትሄጂያለሽ። ስፋቷ 2.30 ሜትር ስለሆነ ሳትፈታ ተጎታች ላይ ትጫናለች፤ በአውሮፓ መንገድ የተፈቀደው 2.55 ነው። አይሰልሜር ዳር፣ ሜደምብሊክ ሄደሽ ብታዪ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ከሃያ ዓመት ልጆች እኩል ሲወዳደሩ፣ አንዳንዴም ሲቀድሟቸው ታያለሽ። ጡንቻ ብቻ የሚፈርድበት ጨዋታ አይደለም።

እስካሁን አብሬሽ አጨበጨብኩ። አሁን ስሚኝ።

ውሃ ላይ ማንንም የማትፈልገው ጀልባ የብስ ላይ ሁሉንም ሰው ትፈልጋለች። ምሰሶዋ ዘጠኝ ሜትር ይሆናል፤ ቀላል ቢሆንም ብቻሽን ስታቆሚው ንፋስ ከመጣ ይዞሽ ይዞራል። ምሰሶው የተሠራው እንደ ክንፍ ጠፍጠፍ ብሎ ስለሆነ ሸራ ባይኖርበትም ነፋስ ይይዛል። 75 ኪሎ የሆነች፣ ክንፍ የተተከለባት ነገር ሜዳ ላይ ሳትታሰር ካደረች ጠዋት የጎረቤት ጀልባ ላይ ተጋድማ ታገኚያታለሽ። መሬት ውስጥ በሚጠመዘዝ ችንካር በአራት ማዕዘን እሰሪያት። ልታወርጃት ስትይ ደግሞ በባለጎማው ጋሪ ነው እንጂ እንደ ፕላስቲክ ጀልባ አሸዋ ላይ መጎተት አይታሰብም። ቀፎው ስስ ካርቦን ነው፤ ውስጡ ቀላል ሙሌት አለው። የማያውቅ ልጅ በተረከዙ ቢረግጠው ይሰረጉዳል። ጥገናው የባለሙያ ነው፣ ባለሙያው ደግሞ ውድ ነው። ሆላንድ በዚህ ታድላለች፤ ዲኤንኤ የተባሉት ታዋቂ ኤ-ካቶች የሚሠሩት ሌሊስታድ ነው። ያም ሆኖ ሒሳቡን አይቀንሱልሽም።

ውሃው ላይ የመጀመሪያ ጠላትሽ መዞር ይሆናል። ሌዘር ወደ ነፋሱ ስትዞር በክብደቷ ተንደርድራ ታልፋለች። ይቺ መንደርደሪያ የላትም፤ ሁለቱ ረጃጅም ቀፎዎች ውሃውን ሙጭጭ ይሉና መሃል ላይ ቀጥ ትላለች፤ ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ትጀምራለች። የፊት ሸራ ስለሌላት አፍንጫዋን የሚገፋልሽ ነገር የለም። ዘዴው ፍጥነት ይዘሽ መግባት፣ መሪውን ሳትነጥቂ በዝግታ ማዞር፣ አፍንጫዋ ነፋሱን ስታልፍ ገመዱን ትንሽ መልቀቅ ነው። ወደ ኋላ መሄድ ከጀመረች መሪው በተቃራኒው እንደሚሠራ አስቢ፤ ሸራውን ልቀቂው፣ መሪውን ገልብጪው፣ ትወጫለሽ። አትሳደቢ፤ ሰው ሁሉ እዚያ ቆሟል።

ሁለተኛው በአፍጢም መደፋት ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አይሰልሜር ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ድሮ ባሕር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ታላቁ ግድብ ሲዘጋበት ሐይቅ ሆነ። ጥልቀቱ በብዙ ቦታ ከአምስት ስድስት ሜትር አይዘልም፤ ስለዚህ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። ነፋሱን ከኋላ አድርገሽ ስትበሪ አፍንጫዋ የፊተኛው ማዕበል ጀርባ ላይ ትሰካለች፤ ጀልባዋ ትቆማለች፣ አንቺ ግን አትቆሚም። ሽቦው ላይ ተንጠልጥለሽ ምሰሶውን ዞረሽ ወደ ፊት ትወነጨፊያለሽ። መድኃኒቱ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ የኋላ እግርሽን ጠርዙ ላይ ያለው ማሰሪያ ውስጥ ክተቺ፣ ክብደትሽን ወደ መሪው ውሰጂ፣ ማዕበሉ ሲጠጋ ገመዱን በእጅሽ አድርጊ።

ተገለበጥሽ እንበል። ከሁሉም በፊት ገመዱን አትልቀቂ። ጀልባዋ ከምትዋኚው በላይ ትፈጥናለች፤ ባዶዋን ነፋስ ከወሰዳት አትደርሺባትም። ይህን ሲነግሩሽ ብዙ ሰው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አያምንም። ቀጥሎ ሸራውን ፍቺው፤ ነፋሱ ከሸራው ሥር እንዲገባ አቅጣጫዋን አስተካክዪ፤ ታችኛው ቀፎ ላይ ቆመሽ በማንሻው ገመድ ወደ ኋላ ተንጋለይ። ምሰሶው የታሸገ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ይንሳፈፋል። ከቆየሽ ግን ሙሉ በሙሉ ትገለበጣለች፤ ዘጠኝ ሜትር ምሰሶ አምስት ሜትር ውሃ ውስጥ ሲገለበጥ የት እንደሚያርፍ አንቺው አስቢው። አንድ ጊዜ የክለቡ ሞተር ጀልባ አንዱን ጎትታ ስታወጣ ከዳር ሆኜ አይቻለሁ። የምሰሶው ጫፍ ክንድ የሚያህል ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ፤ ሰውዬው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጣቶቹ ቋጠሮ መፍታት አቅቷቸው፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሚያዝያ መጨረሻ ነበር፤ ፀሐዩ ያታልላል እንጂ ውሃው ገና በረዶ ነው።

አንቺ ደግሞ 60 ኪሎ አትሞዪም። ይህ ለስላሳ ነፋስ ላይ ሀብት ነው፤ ከባዶቹ ቀፎ ለማንሳት ሲታገሉ አንቺ ሄደሻል። ነፋሱ ሲበረታ ግን ሸራውን ወደ ታች የሚወጥረውን ገመድ ሳትሳቢ፣ ሸራውን ጠፍጣፋ ሳታደርጊ አትችያትም። ማንሳቱም ለቀላል ሰው ያስቸግራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ ሞቃት ቀን መርጠሽ፣ አጠገብሽ ሞተር ጀልባ አቁመሽ፣ ሆን ብለሽ ገልብጠሽ ማንሳት ይሁን። ካልቻልሽ እዚያው እወቂው፤ ክብደት የሚጨምር የውሃ ከረጢት አለ፣ ሌላም ዘዴ አለ። ያንን ግን መሃል ሐይቅ ላይ አይደለም የምትማሪው።

ጀልባዋን ከውሃው ስለሚያነሳው ክንፍ፣ ስለ ፎይሉ፣ ሲወራ ዓይንሽ ሲያበራ አይቻለሁ። አዎ፣ ከውሃው ወጥተው የሚበሩት አሉ፤ በክላሱ ውስጥ እነሱ ለብቻቸው «ኦፕን»፣ የማይበሩት ደግሞ «ክላሲክ» ተብለው ይመደባሉ። የሚበሩት ያምራሉ። ግን ያ ፎይል ስለት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ወድቀሽ እሱ ላይ ብታርፊ ጭረት ብቻ አይሆንም። የራስ ቁር ሳያደርጉ የሚወጡትን አትዪአቸው። ሲበርሩ ሚዛኑ የጣት ጉዳይ ነው፤ ዘንድሮ መዞር ለምትማር ሰው ያ አይገባም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ የሚፈሰው ካርቦን ነው። ክላሲክ ግዢ። ያረጀ ክላሲክ በጥሩ እጅ ዛሬም ይወዳደራል፣ ዋጋውም ከአዲስ ፎይለር ጋር አይወዳደርም።

«ሆቢ 14 ብገዛስ?» ብለሽኝ ነበር። መጥፎ አይደለም። ሆቢ ኦልተር ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአሸዋና ለሞገድ ብሎ የሠራት ናት፤ በሙሉ ፍጥነት አሸዋው ላይ ብትወጪባትም ምንም አትልሽም። ክብደቷ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፣ መዞሯም የባሰ ነው፣ አብሮሽ የሚወዳደርም እዚህ ብዙ አታገኚም። ለመዝናናት ከሆነ ግዢያት፤ አንቺ ግን ለመዝናናት ብለሽ ምንም ነገር ጀምረሽ አታውቂም።

እንግዲህ ወደ ሻጩ ስትሄጂ ምሰሶው ተነቅሎ፣ ቀፎው ደርቆ ይጠብቅሽ በይው። ምጣድ ስትገዢ በጣትሽ ኳ ኳ አድርገሽ እንደምትሰሚው፣ ቀፎውን ከአፍንጫው እስከ ኋላው በጣትሽ አንኳኪው። ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ያለበት ቦታ ንጣፉ ከውስጡ ተላቋል። ቀፎዎቹን የሚያያይዙት አግዳሚዎች ከቀፎው ጋር የሚገናኙበት ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ፈልጊ። የመሃል ሰሌዳው የሚገባበትን ቀዳዳ በባትሪ እዪ፤ ውሃ መግባት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ምሰሶው ላይ ሽቦዎቹ የሚያያዙበትን ነጥብ በጥፍርሽ ዳብሺ። መሪውን ያዢና ነቅንቂ፤ ከተንቀጫቀጨ ዋጋ ቀንሺ። ከሁሉም በላይ ግን አስመዝኚያት። ሁለት የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይበቃል። 85 ኪሎ ከመጣች አንድም ውሃ ጠጥታለች፣ አንድም ሻጩ ያልነገረሽ ጥገና አለባት። ሚዛን አልፈልግም ካለሽ «አመሰግናለሁ» ብለሽ ውጪ። የልኬት ወረቀቷንም ጠይቂ፤ ያለሱ ውድድር ላይ አያስገቡሽም።

ከመግዛትሽ በፊት ክለቡን ያዢ፤ ይህን የምለው እንደ ግዴታ ነው። ኤ-ካት ያላቸው ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዎች ያሉበት ክለብ ይሁን፤ ምሰሶ የሚይዝልሽ፣ «ዛሬ አትውጪ» የሚልሽ፣ ስትዘገዪ ወደ ውሃው የሚያይ ሰው ያስፈልግሻል። ብቻሽን ከባዶ ዳርቻ የምትነሺ ከሆነ ይቺ ጀልባ የአንቺ አይደለችም፤ ቁርጡን ልንገርሽ። ስትወጪ ላይፍ ጃኬት፣ ሙሉ ዌትሱት፣ በአንድ እጅ የሚፈታ የትራፔዝ መንጠቆ፣ ገመድ የሚቆርጥ ቢላ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ደረትሽ ላይ የታሰረ ስልክ። ስልኩ ጀልባዋ ላይ አይታሰርም፤ ጀልባዋ ከሄደች ማን ይደውልልሻል?

ለእማዬ ደግሞ አሁን አትንገሪያት። ጣና ዳር አድጋ ታንኳ ላይ እግሯን አንስታ አታውቅም፤ ብትሰማ ፀበል ይዛ ነው ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የምታርፈው። እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። አንቺ ለሻጩ ጻፊለት፤ ክብደቷን፣ የተሠራችበትን ዓመትና የሸራውን ዕድሜ ይላክልሽ። ኢንሹራንሱም ውድድርን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ሳታረጋግጪ ቅድሚያ ክፍያ እንዳትልኪ።