የጠፋው ተኩላ በእርግጥ ተመልሷልን? የሳይንስ ዜና በበይነ መረብ ዘመን

በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና የሚገኘው የኢትዮጵያውያን የንግድ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለውን ስያሜ በይፋ አግኝቷል። ከዚህ ሰፈር በስተሰሜን ብዙም ሳይርቅ፣ በዊልሸር ጎዳና ላይ፣ የላ ብሬያ የሬንጅ ጉድጓዶች ይገኛሉ። በበረዶ ዘመን በሬንጁ ተይዘው የሞቱ እንስሳት አጥንት በዚያ ሳይበሰብስ ቆይቷል። ከእነዚህም መካከል ዳየር ዎልፍ የተባለው ተኩላ አንዱ ሲሆን፣ ከ4 ሺህ የሚበልጡ ተኩላዎች ቅሪት ተቆፍሮ ወጥቷል። በሙዚየሙ በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ 404 የራስ ቅሎች ተደርድረዋል።

ይህ እንስሳ ከምድር ከጠፋ 10 ሺህ ዓመታት ገደማ ሆኖታል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 «የጠፋው ተኩላ ተመለሰ» የሚል ዜና በማኅበራዊ መገናኛዎች በፍጥነት ተሠራጨ። የዜናው ምንጭ ኮሎሳል ባዮሳይንስስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ማስረጃው ደግሞ ሦስት ነጫጭ ግልገሎች ነበሩ።

በእርግጥ የተሠራው ምን ነበር? ተመራማሪዎቹ 13 ሺህ ዓመት ካስቆጠረ ጥርስና 72 ሺህ ዓመት ካስቆጠረ የራስ ቅል የዳየር ዎልፍን ዲኤንኤ አነበቡ። ቀጥሎም በሕይወት ያለውን የግራጫ ተኩላ ሕዋስ ወስደው፣ በ14 ጂኖች ውስጥ 20 ለውጦችን አደረጉ። ግልገሎቹንም ለማዳ ውሾች አርግዘው ወለዷቸው። ሥራው በራሱ ታላቅ የምርምር እርምጃ ነው። ነገር ግን ግራጫ ተኩላ 19 ሺህ ገደማ ጂኖች አሉት። በ14ቱ ላይ የተደረገው ለውጥ መጠንንና የፀጉር ቀለምን ሊቀይር ቢችልም፣ እንስሳውን ዳየር ዎልፍ አያደርገውም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የውሻ አስተኔ ባለሙያዎች ቡድንም ግልገሎቹ ዳየር ዎልፍ አለመሆናቸውን በዚያው ወር አስታወቀ። የኩባንያው ዋና ሳይንቲስት ቤት ሻፒሮም በኋላ እንስሳቱ 20 ለውጥ የተደረገባቸው ግራጫ ተኩላዎች መሆናቸውን ገልጸዋል። ሆኖም ማስተባበያ እንደ መጀመሪያው ዜና ፈጥኖ አይዛመትም።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። «ዝርያ» የሚለው ቃል በሳይንስ ራሱን ችሎ የሚቆም የእንስሳት ወገንን ሲያመለክት፣ በዕለት ንግግር ግን የበሬ ወይም የውሻ ዘርንም፣ የሰው ትውልድንም ይገልጻል። ስለዚህ «የጠፋው ዝርያ ተመለሰ» የሚል ርእስ ሳይንቲስቱ ያልተናገረውን ያናግረዋል። ስያሜም እንዲሁ ያሳስታል፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚኖረውን እንስሳ ኢትዮጵያውያን ቀይ ቀበሮ ሲሉት፣ ሳይንስ የሚመድበው ከተኩላ ወገን ነው።

ቀይ ቀበሮ መጠቀሱም ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ እንደሆኑ ይገመታል፤ ከለማዳ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። «የጠፋ እንስሳ ይመለሳል» የሚለው እምነት ሥር ከሰደደ፣ ውሾችን መክተብና የደጋውን ሣር ከእርሻ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ መከተሉ አይቀርም።

እንግዲህ አንድ የሳይንስ ዜና በስልክ ሲደርስ፣ ለወዳጅ ዘመድ ከመላኩ በፊት ሦስት ነገሮችን መመርመር ይገባል። አንደኛ፣ ተናጋሪው ማን ነው? የሚሸጠው ነገር ወይም የሚፈልገው ገንዘብ አለን? ሁለተኛ፣ በሥራው ያልተሳተፉ የመስኩ ባለሙያዎች መርምረው ምን አሉ? ሦስተኛ፣ በርእሱ ላይ ያለው ቃልና በውስጥ የተገለጸው ሥራ አንድ ናቸውን? በመጨረሻው ጥያቄ ብቻ እንኳ የተኩላው ዜና ሊጣራ ይችል ነበር፤ ስለ 20ዎቹ ለውጦች በዚያው በመጀመሪያው ቀን ተገልጾ ነበርና።