ሆሳዕናን በ12 አጻጻፍ መፈለግ፦ ፍለጋ በቨርቹዋል ማሽኖች አስተዳደር ውስጥ

ወደ አንድ መዝገብ ቤት ገብተን «የሆሳዕና ፋይል ይውጣልን» ብንል፣ መዝገብ ያዡ ስሙ በ«ዕ» ነው ወይስ በ«እ» የተጻፈው ብሎ አይመልሰንም፤ ፋይሉን አንሥቶ ይሰጠናል። ኮምፒውተር ግን እንዲህ አያደርግም። ለእርሱ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከተለየ ቃሉም ሌላ ቃል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ጠባይ ብዙ ኮምፒውተሮችን በሚያስተዳድር ሶፍትዌር ላይ የሚያስከትለውን ችግርና የመፍትሔውን መንገድ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ቨርቹዋል ማሽን ምንድን ነው?

ቨርቹዋል ማሽን በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር ነው። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም የአንድን ሰርቨር ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪና ዲስክ ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ያከፋፍላል፤ እያንዳንዱም ማሽን የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይኖረዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም/370 የተባለውን ሥርዓት ለትላልቅ ኮምፒውተሮቹ አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ቪኤምዌር በግል ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ምርት አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ኬቪኤም የሊኑክስ አካል ሆነ።

አዲስ ቨርቹዋል ማሽን መፍጠር የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ ቁጥራቸው በፍጥነት ይበዛል። ለምሳሌ በሆሳዕና የሚገኝ አንድ የትምህርት ተቋም 60 ቨርቹዋል ማሽኖች አሉት እንበል፤ ለሬጅስትራር፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለተማሪዎች ላቦራቶሪ እንዲሁም በዱራሜ ላለው ቅርንጫፍ የሚያገለግሉ ናቸው። የማሽኖቹን መግለጫ በተለያየ ጊዜ የተለያዩ ባለሙያዎች በአማርኛ ጽፈዋል። አንዱ «ሆሳዕና ሬጅስትራር» ሲል ሌላው «ሆሣእና ቤተ መጻሕፍት» ብሏል።

አሁን አንድ ባለሙያ «ሆሳእና» ብሎ ቢፈልግ ተራው የፍለጋ ሳጥን ምንም አያመጣለትም። ባለሙያው ማሽኑ የለም ብሎ ሌላ ሊፈጥር ይችላል። የቀድሞው ማሽን ግን አሁንም ይሠራል፤ ሚሞሪ ይይዛል፤ የሚከታተለው ስለሌለ የደኅንነት ማሻሻያ አይጫንለትም፤ በውስጡ ያለው መረጃም መጠባበቂያ ቅጂ ላይኖረው ይችላል። «አልተገኘም» እና «የለም» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ሞክሼ ፊደላትን ማቀራረብ

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። በዚህ ሥርዓት «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ቁጥር አላቸው። በዛሬው የአማርኛ አነጋገር ሦስቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ናቸው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ከዚሁ ወገን ናቸው።

እስቲ «ሆሳዕና»ን እንቁጠር። የመጀመሪያው ፊደል «ሆ»፣ «ሖ» ወይም «ኆ» ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው «ሳ» ወይም «ሣ»፤ ሦስተኛው «ዕ» ወይም «እ»፤ «ና» አማራጭ የላትም። ስለዚህ 3 × 2 × 2 × 1 = 12 አጻጻፎች ይገኛሉ። አንዳንዶቹን ማንም አይጽፋቸውም፤ የፍለጋ ፕሮግራም ግን ለሁሉም መዘጋጀት አለበት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፕሮግራሙ የተመዘገበውንም ሆነ የሚፈለገውን ቃል ወደ አንድ ወጥ ቅርጽ ይለውጣል፦ «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ»፣ ከነዝርዝራቸው። ያን ጊዜ 12ቱም አጻጻፎች «ሆሳእና» ይሆናሉ። ነገር ግን ለውጡ በፍለጋ ማውጫው ውስጥ ብቻ መቅረት ይኖርበታል፤ ለተጠቃሚው የሚታየው የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። «ድኅነት» እና «ድህነት» በማውጫው ቢቀራረቡም በትርጉም እጅግ ይራራቃሉና።

ሁለተኛው እርምጃ፦ የአርትዖት ርቀት

«ሆሳና» ብሎ የጻፈ ሰውስ? እዚህ አንድ ፊደል ስለጎደለ ማቀራረቡ ብቻውን አይበቃም። ሶቪየታዊው ሊቅ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው መለኪያ ይረዳናል። አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት ቢያንስ ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ እንቆጥራለን። ከ«ሆሳና» ወደ «ሆሳእና» ለመድረስ «እ»ን መጨመር ይበቃል፤ ርቀቱ 1 ነው።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ላብ11» እና «ላብ12» የሚባሉ ማሽኖች ርቀታቸው 1 ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ማሽኖች ናቸው። ስለዚህ በፊደላት ላይ ለዘብ ያለ ፍለጋ በቁጥሮች ላይ ጥብቅ መሆን አለበት።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ትርጉምንና ሁኔታን ማወቅ

ዋቸሞ የሆሳዕና የቀድሞ ስም ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ምንም የፊደል መቀራረብ ስለሌለ የሚያገናኛቸው በሰው የተዘጋጀ የተለዋጭ ስሞች ሰንጠረዥ ብቻ ነው። የሀዲይኛና የከምባትኛ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ በዚያ ፊደል የተመዘገቡ የቦታ ስሞችም በዚሁ ሰንጠረዥ ውስጥ ቢገቡ መልካም ነው።

ከዚህም ሌላ ባለሙያ ሁልጊዜ በስም አይፈልግም፤ «ሥራ ላይ ያሉትን አሳየኝ» ሊል ይችላል። ኦቪርት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የሚፈለገውን ነገር ዓይነት፣ ቀጥሎም እንደ ስምና ሁኔታ ያሉ መመዘኛዎችን እያያያዙ ለመጠየቅ ያስችላል፤ በሚጻፍበትም ጊዜ ቀጣዩን ቃል ይጠቁማል። ተጠቃሚው ሕጉን አስቀድሞ ሳያጠና እየሠራ ይማረዋል ማለት ነው።

ማግኘትና ማዘዝ

እስካሁን ያየናቸውን እርምጃዎች ስናቀናጅ የውጤቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ይሆናል፦ በመጀመሪያ በትክክል የገጠመው፣ ከዚያ በሞክሼ ፊደል ብቻ የተለየው፣ ቀጥሎ በተለዋጭ ስም የተገኘው፣ በመጨረሻም በአርትዖት ርቀት የቀረበው። እያንዳንዱ ውጤት ለምን እንደመጣ ቢገለጽ ተጠቃሚው ይተማመንበታል።

ማሽን መሰረዝ ግን ከመፈለግ ይለያል። ስንፈልግ ፕሮግራሙ ስሕተታችንን ሊያልፍልን ይገባል፤ ስንሰርዝ ግን ሙሉውን ስም በትክክል እንድንጽፍ ሊጠይቀን ይገባል። በግምት የተገኘ ማሽን በግምት ከጠፋ የአንድ ዓመት የተማሪዎች ውጤት አብሮት ሊጠፋ ይችላልና።

ለልምምድ፦ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ስንት ዓይነት አድርገን ልንጽፈው እንችላለን? «ሀ» እና «ሃ»፣ «ሐ» እና «ሓ»፣ «ኀ» እና «ኃ» በአማርኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አንርሳ። መልሱ 2 × 6 × 1 = 12 ነው። አንባብያን የየራሳቸውን ስም በዚሁ መንገድ ቆጥረው፣ አጻጻፎቹን ሁሉ ወደ አንድ ቅርጽ የሚለውጥ አጭር ፕሮግራም እንዲጽፉ እንጋብዛለን።