ለወፍጮ ዘንግ የሚሆነውን ብረት ስለ መምረጥ

በገራዶ ሜዳ የተዘራው እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ የሚጠብቀው ወፍጮ ነው። በዚያ ወራት የወፍጮው ዘንግ፥ ባለሞያዎች ሻፍት የሚሉት፥ ቢሰበር ሴቶች እህሉን ይዘው እስከ ደሴ ለመሄድ ይገደዳሉ፤ አህያ የሌላትም በጀርባዋ ትሸከማለች። ስለዚህ የዘንጉ ነገር ለቶርኖ ሠራተኛ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የግዢውን ወረቀት የሚፈርመውን ሹምም ይመለከተዋል።

ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። በ1786 ዓመት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ቫንደርሞንድ፥ ቤርቶሌና ሞንዥ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ተራውን ብረት ከአረብ ብረት የሚለየው ካርቦን፥ ይኸውም የከሰል ባሕርይ፥ መሆኑን አስረዱ። ከመቶው ከ0.30 እስከ 0.60 ካርቦን ያለበት መካከለኛ ይባላል። ከዚህ ያነሰው ለብየዳ ይመቻል፥ ነገር ግን ለስላሳ ነው፤ የበለጠው ይጠነክራል፥ ነገር ግን በድንገተኛ ምት ይሰበራል። ለወፍጮ ዘንግ የሚስማማው መካከለኛው ሲሆን፥ በገበያ ሲ 45 ወይም 1045 የሚባለው 0.45 ያህል ካርቦን አለበት። ለሕንፃ የተሠራውን ፌሮ በቶርኖ አስልሶ ዘንግ ማድረግ ርካሽ ይመስላል። ፌሮ ግን የተሠራው በሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ ሸክም ሊችል እንጂ ሲሽከረከር ሊኖር አይደለም።

አንድ ስሕተት በብዙዎች ዘንድ አለ። ዘንጉ ቺንጊያው ሲስበው እየጎበጠ ሲለቀው የሚቀና እንደ ሆነ፥ ጠንካራ ብረት ቢገዛ ይህ ይቀራል ይላሉ። በዚህ ነገር ግን ለስላሳውና መካከለኛው ብረት እኩል ናቸው። የሚረዳው ውፍረት ነው፤ 50 ሚሊሜትር የነበረው 55 ቢሆን ጉብጠቱ በሲሦ ያህል ይቀንሳል። ጎብጦ በዚያው የቀረ፥ ወይም ኩሽኔታው ላይ ቶሎ የተበላ እንደ ሆነ ግን ያን ጊዜ የብረቱ ዓይነት ይመርመር።

የተሰበረውንም ዘንግ ከመጣል አስቀድሞ ስብራቱን ማየት የተገባ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ወፍራሙ ክፍል ወደ ቀጭኑ በድንገት ከሚወርድበት ማዕዘን፥ ወይም ሽብልቅ ከሚገባበት ቦይ ጫፍ ነው። ሠራተኛው ያን ማዕዘን ክብ አድርጎ ያውርደው፤ መልካም ብረት ገዝቶ ማዕዘኑን እንደ ስለት መተው ገንዘብ መጣል ነው። በብየዳ መቀጠልም አይበጅም፤ መካከለኛው ብረት አስቀድሞ ሳይሞቅ ቢበየድ ከብየዳው አጠገብ ያለው ስፍራ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና እዚያው ይሰነጠቃል።

በትኩሱ ተስቦ ከፋብሪካ የወጣው ብረት ልጣጩ ካርቦኑን በእሳት ያጣ ነው፥ መላጥም አለበት፤ ስለዚህ 50 ሚሊሜትር ለሚፈልግ 55 ይገዛለታል። የብረቱ ዓይነት የሚያጠራጥር ሲሆን በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ላይ ቢያስነኩት ለስላሳው ረጅምና ቀጥ ያለ የእሳት ፍንጣቂ ይረጫል፤ መካከለኛው ግን ጫፉ እንደ ቅርንጫፍ ይበተናል። ይህም ዓይነቱ ከታወቀ ቁራጭ ጋር እየተነጻጸረ ቢሆን ይሻላል፤ የፋብሪካውን የምስክር ወረቀት ግን አይተካም።

በግዢው ወረቀት ላይ «ብረት» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ ዓይነቱ፥ ውፍረቱና ርዝመቱ ይጻፍ። ብረት በሚዛን ሲሸጥም 55 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ድቡልቡል ብረት አንድ ሜትሩ 18.6 ኪሎ ያህል ነውና፥ ተረካቢው ርዝመቱን ለክቶ ከሚዛኑ ጋር ያስተያይ።