መንገድንና ንብረትን በአንድነት ስለ መጠበቅ



አንድ ገበሬ ከጥማዱ አንዱ በሬ ቢሰረቅበት የጎደለበት አንድ ከብት ብቻ አይደለም። የቀረው በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ወይ መቀናጆ ይፈልጋል፥ ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። መቀናጆ ቢያገኝም ተራ ጠብቆ ስለሚያርስ ዘሩ ከወቅቱ ይዘገያል። እንግዲህ የበሬ ስርቆት የዓመት እህል ስርቆት ነው።

መንገድ ከገባ ወዲህ «ሌባውን ያመጣብን መንገዱ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገሩ ጥቂት እውነት አለበት። ቀድሞ የተሰረቀ በሬ በእግሩ ይነዳ ስለ ነበር ጎረቤት ተሰብስቦ ዱካውን ይከተል ነበር። ዛሬ መኪና ላይ ከተጫነ ዱካ የለውም። ነገር ግን መንገዱን ቸል ብሎ እንዲበላሽ መተው ሌባን አያስቀርም። እህል ተከምሮ አውድማ ላይ የሚያድረው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በእነዚህ ወራት ምድሩ ደረቅ ስለ ሆነ የተበላሸ መንገድም ያሳልፋል። መንገድ የሚዘጋው በክረምት ነው፤ በክረምት የሚጠበቀው ደግሞ ማዳበሪያው፥ የእንስሳት ሐኪሙና ምጥ የያዛትን እናት የሚወስደው አምቡላንስ ነው። ስለዚህ የተበላሸ መንገድ የሚከለክለው ሌባን ሳይሆን ረዳትን ነው።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን በጋ ከክረምት ከሚያገለግል መንገድ ጋር ለማገናኘት የታቀደ ነበር። በዚህም ሆነ በሌላ ሥራ የተጠረገ መንገድ ጠባቂ ካላገኘ ብዙ አይቆይም። መንገድ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለመጠበቅ ግን አካፋ፥ ዶማና ስምምነት ይበቃል።

1ኛ/ ሥራውን ስለ መከፋፈል

20 ቤተ ሰብ 1 ኪሎ ሜትር መንገድ ቢረከብ ለእያንዳንዱ ቤት 50 ሜትር ይደርሰዋል። እነዚሁ 20 ቤቶች በመከር ወራት በየሌሊቱ ከሁለት ቤት አንድ አንድ ሰው ለጥበቃ ቢያወጡ የአንዱ ቤት ተራ የሚደርሰው በየ10 ቀኑ ነው። ሁለቱን ሥራ አንድ ቡድን ይያዝ የምንለው በምክንያት ነው። ድርሻውን በየጊዜው የሚያይ ሰው ቦዩ የት እንደ ተደፈነ ብቻ ሳይሆን እንግዳ መኪና የት ቆሞ እንዳደረም ያውቃል። አቅም የሌላቸውን አዛውንትና ረዳት የሌላቸውን ሴቶች ድርሻ ዕድሩ ወይም ደቦ ይሸፍንላቸው።

2ኛ/ መንገዱን ስለ መጠገን

መንገድን ከመኪና ይልቅ የሚያፈርሰው ውሃ ነው። ውሃ ከቆመበት አፈሩ ይላላል፥ ጎማ ይሰምጥበታል፤ ጎማው የቆፈረው ጉድጓድ ደግሞ ሌላ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ውሃን ከመንገዱ ማውጣት ነው።

ሀ) 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ መካከሉ ከዳሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ለ) የጎን ቦዩ ታቹ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ሹል ከሆነ ውሃው እየቦረቦረ ገደል ያደርገዋል። ቦዩን አርሶ ወደ ማሳ መቀላቀል መሬት ያተረፈ ይመስላል፤ ዶፍ ሲወርድ ግን ውሃው መንገዱንም ማሳውንም ይወስዳል።

ሐ) በየ20 እስከ 40 ሜትር ከጎን ቦዩ ውሃውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማስወጫ ቦይ ይቆፈር። ውሃውን በሰው ማሳ ላይ መልቀቅ ጠብ ያመጣልና ባለመሬቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ወደ ሣር መሬት ወይም ወደ ኩሬ ቢመራ ይጠቅማል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለእርከን ሥራ የሚጠቀምበትን የገመድ ውሃ ልክ ይዞ ይምጣ። ለማስወጫው በ10 ሜትር ርዝመት ከ20 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል።

መ) ቁልቁለቱ በ100 ሜትር 8 ሜትር ያህል የሚወርድ ከሆነ በቦዩ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አጭር የድንጋይ ክትር ይሠራ። የክትሩ መካከል ከጫፎቹ ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ውሃው ዳር ዳሩን ይቦረቡራል። በማስወጫው አፍ ዙሪያ ቬቲቨር ሣር በክረምት መግቢያ በመስመር ይተከል፤ በችግኞቹ መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይተው።

ሠ) ጉድጓድ ሲደፈን በጭቃው ላይ ድንጋይ መጣል ከንቱ ድካም ነው። ጭቃውን አውጡ፤ የጉድጓዱን ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ከዚያም ጠጠር ያለበትን ቀይ አፈር በስሱ እየጨመራችሁ ደቅድቁ። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ይህ ሥራ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንደኛው በሚያዝያና በግንቦት ከክረምት በፊት፥ ሁለተኛው በጥቅምት ዝናቡ ካባራ በኋላ። በጥቅምቱ ሥራ በመታጠፊያዎች ላይ ያለው ቁጥቋጦ ይመንጠር። ሹፌር ሕፃናትንና ከብትን ከሩቅ ያያል፤ በሌሊትም መሸሸጊያ አይኖርም።

3ኛ/ ንብረትን ስለ መጠበቅ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ ከስርቆት በኋላ የሚደረግ ጩኸት ዋጋው ጥቂት ነው። ስለዚህ በጥቅምት መንገዱን ጠግናችሁ ስትጨርሱ በዚያው ዕለት ተቀምጣችሁ የጥበቃውን ተራ ጻፉ።

ሀ) የእያንዳንዱ ቤት ከብት በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ ቀለሙ፥ የቀንዱ አወጣጥ፥ በጆሮው ወይም በገላው ያለው ምልክት ይገለጽ። «ቀይ በሬ ጠፋ» ማለት ለፖሊስ አይረዳም፤ «ግራ ቀንዱ የተሰበረ፥ ግንባሩ ቦቃ የሆነ ቀይ በሬ» ማለት ግን ይረዳል።

ለ) የዕድሩ ጡሩምባ ለስርቆት የሚነፋበት ከለቅሶው የተለየ ምልክት ይወሰን። የቡድኑ ሰዎችና በአካባቢው ያለው ፖሊስ ስልክ ቁጥር በየቤቱ ይያዝ።

ሐ) ከማታውቁት ሰው፥ ያለ ምስክርና ያለ ጽሑፍ፥ በርካሽ የሚሸጥ ከብት አትግዙ። ገዢ ያጣ ሌባ አይሰርቅም።

መ) መንገዱን በሌሊት በግንድ አትዝጉ። ሌባን ያስቆማል ብላችሁ ያጋደማችሁት ግንድ አምቡላንስን ሊያስቆም ይችላል።

4ኛ/ ስለ ተጠረጠረ ሰው

በቀድሞ ዘመን ስርቆት ሲደርስ የአገሩ ሰው አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ሌባው እስኪነገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሌባው ካልታወቀም አገሩ ተካፍሎ ይከፍላል። የዚህ ልማድ ደግነቱ የአንዱን ጉዳት የሁሉ ጉዳት ማድረጉ ነው። ክፉ ጎኑ ግን ሰው በቂም ወይም ወደ ቤቱ ለመሄድ ሲል የንጹሑን ስም መጥራቱ ነው። ደጉን እንያዝ፤ ክፉውን እንተው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ስለዚህ የተጠረጠረን ሰው አትምቱ፥ አስራችሁም አታሳድሩ፤ ሳትዘገዩ ለፖሊስ አስረክቡ። ንጹሕ ሰው ከተመታ የጠፋው በሬ አይመለስም፤ በመንደሩ ግን ደም ይገባል።

ለስብሰባ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን መንገድ ላይ ባለፈው ክረምት ውሃ የቆመው በየትኞቹ ቦታዎች ነው? መውጫውስ በማን መሬት በኩል ነው?

2. ዛሬ ሌሊት አንድ በሬ ቢጠፋ መጀመሪያ ለማን እንነግራለን? ምልክቱስ ተጽፎ ይገኛል?

3. ለ50 ሜትሩ ሥራና ለሌሊቱ ጥበቃ አቅም የሌላቸው ቤቶች የትኞቹ ናቸው? ድርሻቸውን ማን ይሸፍንላቸዋል?

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ በስብሰባ ላይ ካነበባችሁ በኋላ ሰዉን ይዛችሁ መንገዱን በእግር ሂዱበት። እያንዳንዱ ገበሬ 50 ሜትሩን በዓይኑ አይቶ፥ በችካል ለይቶ ወደ ቤቱ ይመለስ።