ጠገራው ስንት ያወጣል? አሮጌ ብር ለሚገዙና ለሚሰበስቡ

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ የምትገኘው አይሻ ስትነሳ ለነጋዴ ቶሎ የሚታሰበው የሚያልፈው ጭነት ነው። በአካባቢው አርብቶ አደር ዘንድ ግን ከግመልና ከከብት ሌላ ሀብት ሲቀመጥ የኖረው በብር ነው። ይኸውም በወረቀቱ ሳይሆን በማዕድኑ ነው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዘው ቅፍለት ይገበያይ የነበረው በማርትሬዛ ጠገራ ነበር። ጠገራው ለአንጥረኛም ጥሬ ዕቃ በመሆኑ እየቀለጠ አምባርና የአንገት ጌጥ ሆኗል።

ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ዕቃ የቀረበለት ገዢ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። የሚከፍለው ለብሩ ነው ወይስ ለታሪኩ? ሁለቱን ያምታታ ሰው ወይ ብርቅ ዕቃ ለማቅለጫ ይሸጣል፣ ወይ ተራውን በብርቅ ዋጋ ይገዛል።

የማዕድኑ ዋጋ

አንድ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። በመሆኑም በውስጡ ያለው ንጹህ ብር 23.39 ግራም፣ ማለትም የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የዓለም ገበያ ዋጋ በአውንስ 30 ዶላር ነው ብንል የአንዱ ጠገራ ብር 22 ዶላር ተኩል ገደማ ያወጣል። ይህ የዋጋው ወለል ነው። ደላላው ከዚህ በታች ከጠየቀ ገዢው ሊደሰት ሳይሆን ሊጠራጠር ይገባዋል።

መለያው

የቀድሞ ነጋዴዎች ጠገራ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ 9 ዕንቁዎች መኖራቸውን፣ ከምስሉ በታች «ኤስ.ኤፍ.» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት መታየታቸውን፣ በጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍም በደንብ ጎልቶ መውጣቱን ይመለከቱ ነበር። ዛሬም የሚጀመረው ከዚሁ ነው።

ማግኔት ብቻውን አያስተማምንም። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ነገር ግን መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠሩትና ምንም ብር የሌለበት «የጀርመን ብር» የሚባለውም በአብዛኛው አይሳብም። የተሻለው ሚዛንና ውኃ ነው። 280 ግራም ተኩል ያህል የሚመዝኑ 10 ጠገራዎች በክር ታስረው ውኃ ውስጥ ሲመዘኑ ክብደታቸው በ27 ግራም ተኩል ገደማ መቀነስ አለበት። 32 ግራም ያህል ከቀነሰ ዕቃው ሌላ ማዕድን ነው።

የታሪኩ ዋጋ

በማርትሬዛ ላይ የተጻፈው 1780 ብዙ ሰው ያሳስታል። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞቱ በኋላ ጠገራው በዚያው ቀን ቬና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ቀኑ ዕድሜውን አይናገርም፤ ተራው ጠገራም ከማዕድኑ ዋጋ ብዙ አይርቅም።

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱትና 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን ያለው ብር ግን ሌላ ነው። በክብደትም በብር መጠንም ከማርትሬዛ ጋር የተቀራረበ ነው። ሕዝቡ በጠገራው ስለጸና አዲሱ ብር በጊዜው እንደታሰበው አልተስፋፋም። በመሆኑም ለማቅለጫ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ለሰብሳቢ ግን እኩል አይደሉም። አላድ፣ ሩብና ተሙን የሚባሉት ዝርዝሮችም እንዲሁ ናቸው። 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልንግም፣ ማለትም ባለ 50 ሳንቲሙ፣ የብር ሳንቲም በመሆኑ ከተራ ዝርዝር ጋር ሊጣል አይገባም።

የሰብሳቢን ዋጋ የሚወስነው የፊደሉና የምስሉ ጥራት ነው። ቀለበት የተበየደበት ወይም የተበሳ ሳንቲም በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። በአመድ ወይም በአሸዋ ያሻሸው ሰው ያሳመረ ይመስለዋል እንጂ ዋጋውን ፍቆ ነው የሚጥለው። በአንጻሩ ከጥንት ጀምሮ በጌጥ ላይ የኖረ ሳንቲም ከጌጡ ሊነጠል አይገባም፤ ሙሉው ጌጥ ከተበታተነው ይበልጣልና።

ጥንቃቄ

አይሻ ወደ ደወሌ መውጫ በር ቅርብ ናት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከልክሏል። ስለዚህ ለጅቡቲ ገዢ ቃል ከመግባት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይቀድማል፤ ያለዚያ ትርፉ ቀርቶ ዕቃውም ሊወረስ ይችላል።

ብር ይወጣል፣ ይወርዳል። በጥር 1980 እ.ኤ.አ. በአውንስ 50 ዶላር ገደማ ደርሶ የነበረው ዋጋ በመጋቢት ወር ከ11 ዶላር በታች ወርዷል። በብድር ገንዘብ የገዛ ሰው ያን ጊዜ ሁለት ወር እንኳን መታገሥ አልቻለም። በትርፍ ገንዘቡ የሰበሰበ ግን ብሩን ይዞ ይቆያል። መዝኖ፣ ለይቶና ጠይቆ የገዛ ሰው ወለሉን ያውቀዋል፤ የሻጯም እናት የአያቷን ጌጥ ዋጋ ብታውቅ ለአንጥረኛ ከሰል አትሰጠውም።