የፎቶው ሃርድ ዲስክ ለጌም አይሁን

እናቶችና አባቶች፣ በስግድ ቀን አርሞን ሃናጺቭ ላይ፣ የድሮውን ከተማ ፊት ለፊት እያያችሁ የተነሳችሁት ፎቶ፣ ከጎንደር ይዛችሁት ከመጣችሁት ጋር በአንዲት ትንሽ ሃርድ ዲስክ ይገባል። ችግሩ የልጅ ልጅ ነው፤ ያንኑ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይሰካዋል። ማሽኑ ጌም ሊያስቀምጥበት ሲያዘጋጀው «ፎርማት» ያደርገዋል፤ ማለት፣ ያለውን ሁሉ ያጠፋል! ስለዚህ ለልጁ ለብቻው ይገዛለት፤ ከ250 ጊጋባይት የማያንስ፣ ዩኤስቢ 3 የሆነ። የእናንተን ገና ባዶ ሳለ ኮምፒውተር ላይ «ኤክስፋት» በሚባለው ያዘጋጅላችሁ፤ ዊንዶውስም ማክም ያነበዋል። ፎቶው ከገባ በኋላ «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ፣ እሺ አትበሉ። ላዩ ላይ በአማርኛ «የቤተሰብ ፎቶ» ብላችሁ ጻፉበት። ሃርድ ዲስክ ከወደቀ ሊበላሽ ስለሚችል፣ አንድ ቅጂ ሌላ ቤት፣ ልጃችሁ ጋ ይቀመጥ።