ከመትከል በፊት አለመንካት

አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይሄዳሉ። እዚያ ስኩባ ዳይቪንግ ይማራሉ፤ ከውሃ ሲወጡ ደግሞ የባሕር ዳርቻ ያጸዳሉ፣ ዓሣ ይቆጥራሉ፣ የኮራል ችግኝ ይንከባከባሉ። ሲመለሱ የጠላቂነት ምስክር ወረቀትና የአገልግሎት ሰዓት ይዘው ይመለሳሉ። ሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ የአገልግሎት ሰዓት የሚናቅ ነገር አይደለም፤ በዚያ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ በአብዛኛው 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠየቃል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እናት፣ ልጇ የእንዲህ ያለ ጉዞ ማስታወቂያ ይዛ ስትመጣ፣ ሁለት ነገር ብትጠይቅ ትክክል ናት። ልጄ በደኅና ትመለሳለች? ይህ ብዙ ሺህ ዶላርስ ለባሕሩ በእርግጥ የሚፈይደው ነገር አለ?

የሁለቱም ጥያቄ መልስ የሚገኘው አንድ ቦታ ነው። ልጅቷ ውሃ ውስጥ ሳትወጣና ሳትወርድ፣ ምንም ሳትይዝ፣ ባለችበት ረግታ መቆየት ትችላለች ወይ? ይህን የምትችል ልጅ ራሷንም ኮራሉንም አትጎዳም። የማትችል ከሆነ ግን ልቧ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ኮራሉ ላይ የምታደርሰው ጉዳት ከምታበረክተው ይበልጣል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከአየርና ከግፊት እንጀምር።

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አዲስ አበባ ላይ አጥብቀው ዘግተው ጅቡቲ ቢወርዱ፣ ጎኑ ተጨምድዶ ያገኙታል። ማንም አልጨበጠውም፤ ከፍ ካለ ቦታ ዝቅ ወዳለ ቦታ ሲወርድ በላዩ ያለው አየር እየከበደ ስለሄደ ነው። ውሃ ከአየር እጅግ ስለሚከብድ ባሕር ውስጥ ይኸው ለውጥ በአጭር ርቀት ይመጣል። አዲስ አበባን ከባሕር ወለል የሚለያት 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚያመጣውን የግፊት ልዩነት ጠላቂ ዋናተኛ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ሲወርድ ያገኘዋል። 10 ሜትር ሲደርስ ግፊቱ ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል፤ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ።

ሰው በዚህ ግፊት ሥር መተንፈስ የሚችለው ሬጉሌተር በሚባለው መሣሪያ ነው። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳይ ውስጥ በዣክ ኢቭ ኩስቶና በኤሚል ጋኛን የተሠራ ሲሆን፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን አየር ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ካለው ግፊት ጋር እያስተካከለ ይሰጠዋል። ስለዚህ 10 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ ሳንባ ውስጥ የሚገባው አየር መሬት ላይ ከሚገባው እጥፍ ነው። ያን ትንፋሽ ይዞ ሳያስወጣ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው፣ አየሩ እየሰፋ ሄዶ ሳንባውን ሊቀድበት ይችላል። ይህ አደጋ ከ2 ሜትር ባነሰ ጥልቀት፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ እንኳ ሊደርስ ይችላል። የስኩባ የመጀመሪያው ሕግ «ትንፋሽህን በፍጹም አትያዝ» የሆነው ለዚህ ነው። ልጆች በድንጋጤ ጊዜ በተፈጥሯቸው የሚያደርጉት ደግሞ ትንፋሽን መያዝና ወደ ላይ መሸሽ ነው፤ ሥልጠናው የሚታገለው ይህን ልማድ ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ልጁ መነጽሩ ውስጥ ውሃ ሲገባበት ተረጋግቶ እየተነፈሰ እስኪያስወጣው ድረስ ከገንዳ አያወጣውም።

ጆሮም እንዲሁ ነው። አውሮፕላን ሲወርድ የሚሰማን ጫና ጠላቂን ገና በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ያገኘዋል። አፍንጫን ይዞ በቀስታ እየነፉ ግፊቱን ማመጣጠን ያስፈልጋል፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ግን ይህን ማድረግ ስለሚያቅተው በዚያ ቀን መጥለቅ የለበትም። እዚህ ላይ የምፈራው ከሕመሙ ይልቅ ይሉኝታውን ነው። ከጓደኞቹ ላለማነስ ጆሮው እያመመው የሚወርድ ልጅ አለ። ከጉዞው በፊት ወላጅ ለልጁ ሊሰጠው የሚገባ አንድ ምክር ቢኖር «ዛሬ አልጠልቅም ማለት ነውር አይደለም» የሚለው ነው።

ሌላው ነገር ናይትሮጅን ነው። ከምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ሲሆን፣ በግፊት ሥር በቆየን መጠን እየሟሟ ወደ ደማችንና ወደ ሥጋችን ይገባል። ቀስ ብለን ስንወጣ በሳንባ በኩል በሰላም ይወጣል። ተቻኩለን ስንወጣ ግን የአምቦ ውሃ ክዳኑ ድንገት ሲከፈት እንደሚፈላው ሁሉ ናይትሮጅኑ በሰውነት ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲከፋም ነርቭን ይጎዳል። በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት መውጣትና 5 ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ ማረፍ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት እንዳለበት የጠላቂዎች ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ለእኛ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል፤ አዲስ አበባ ያለችው እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ጅቡቲ ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ የዋለ ሰው በዚያው ዕለት በመኪናም ሆነ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ቢወጣ፣ አውሮፕላን እንደተሳፈረ ሰው ራሱን መቁጠር ይኖርበታል።

እንግዲህ ለልጆች የተቀመጠው ገደብ ከዚህ የመነጨ ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው የሥልጠና ድርጅት ፓዲ ከ10 ዓመት ጀምሮ ልጆችን ያሠለጥናል። 10 እና 11 ዓመት የሆናቸው ከ12 ሜትር በታች አይወርዱም፤ ከ12 እስከ 14 ያሉት እስከ 18 ሜትር ድረስ ብቃት ካለው አዋቂ ጋር ይጠልቃሉ፤ 15 ዓመት የሞላው የአዋቂውን የመጀመሪያ ደረጃ ምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል። ወረቀቱ የሚገኘው ከንባቡና ከገንዳው ልምምድ በኋላ ባሕር ላይ በሚደረጉ አራት መጥለቆች ነው። አራት ብቻ! ይህን ወላጅ ልብ ይበል። ወረቀቱን ትናንት የያዘች ልጅ ገና ጀማሪ ናት፤ ዛሬ ኮራል እንድትተክል የሚሰጣት ፕሮግራም ካለ እሷንም ኮራሉንም አላሰበም።

ውሃ ውስጥ ረግቶ መቆየት በጥንካሬ አይገኝም። ጠላቂው አየር የሚሞላና የሚለቅ ጃኬት ለብሶ፣ ወገቡ ላይ ክብደት ታጥቆ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዋናው መሪ ሳንባው ነው። ወደ ውስጥ ሲተነፍስ በትንሹ ከፍ ይላል፣ ሲያስወጣ ዝቅ ይላል። ጀማሪ ሰው በእጁ ይቀዝፋል፣ እግሩ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ የእግሩ መቅዘፊያ አሸዋውን ያቦናል ወይም ከኋላው ያለውን ኮራል ይመታል፤ ግን አያየውም። ይህ የሚቃናው በብዙ ልምምድ፣ በእርጋታና ክብደትን በትክክል በማስተካከል ነው።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ በትክክል ለመናገር ፖሊፕ የሚባሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንስሳት አብረው የሚኖሩበት መንደር ነው። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ያስጠልላሉ፤ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርቶ ይመግባቸዋል፣ ቀለማቸውንም ይሰጣቸዋል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ ኑሮ ይፈርሳል፤ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣዋል፣ ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየም በረሃብ ይሞታል። ኮራሎች ተደራርበው የሚሠሩት ሪፍ ከባሕር ሥር መሬት አንድ በመቶ እንኳ አይሸፍንም፤ ነገር ግን ከታወቁት የባሕር ፍጥረታት አንድ አራተኛ ያህሉ በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ይጠለሉበታል። አንዳንዱ የኮራል ዓይነት በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ የእግር ምት የተሰበረው በልጅቷ ዕድሜ አይተካ ይሆናል።

ካሪቢያን ውስጥ ይህን ጠንቅቃ የተረዳች ደሴት ቦኔር ናት፤ በቬኔዝዌላ ፊት ለፊት ያለች፣ በኔዘርላንድስ ሥር የምትተዳደር፣ 288 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ያላት ደሴት። እ.ኤ.አ. በ1979 በዙሪያዋ ያለውን ባሕር ከዳርቻው እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ድረስ የተጠበቀ ፓርክ አደረገችው። ጀልባ መልሕቅ አይጥልም፣ ከተዘጋጀ ማሰሪያ ጋር ይታሰራል። አዲስ የመጣ ጠላቂ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው ስለ ፓርኩ ሕግ ገለጻ ይሰማል፣ ከዚያም በቀላል ቦታ አንድ ጊዜ ጠልቆ ሚዛኑን ይፈትሻል። ጓንት ማድረግ ክልክል ነው፤ ጓንት ያደረገ እጅ ኮራል መጨበጥ ስለሚደፍር። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ሕግ ነው፤ ምክንያቱም ጎብኚውን ከመለመን ይልቅ ለመንካት ምክንያት ያሳጣዋል።

ሚዛኑን ለተማረ ልጅ ግን እውነተኛ ሥራ አለ። ቀንድ የሚመስሉት የካሪቢያን ኮራሎች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበሽታ አልቀው ነበር፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለቱን ዝርያዎች ሥጋት ላይ ያሉ ብላ በሕግ መዝግባቸዋለች። እነዚህ ኮራሎች በተፈጥሯቸው ከተሰበረ ቅርንጫፍ እንደገና ያድጋሉ። በፍሎሪዳና በቦኔር ያሉ ባለሙያዎች ይህንኑ ጠባያቸውን ተጠቅመው፣ ትናንሽ ስባሪዎችን ውሃ ውስጥ በቆመ ዛፍ መሰል ዘንግ ላይ በክር ያንጠለጥላሉ፤ ሲያድጉ ወደ ሪፉ ይወስዷቸዋል። የሠለጠነ ወጣት በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ በአብዛኛው ዘንጉን በብሩሽ ማጽዳት ነው፤ በላዩ የሚበቅለው ሌላ ዓይነት አልጌ ካልተነሣለት ኮራሉን ያንቀዋል። አሰልቺ ይመስላል፤ ሆኖም ካልተሠራ ችግኙ ይጠፋል።

ሌላው ዓሣ ቆጠራ ነው። ኪ ላርጎ፣ ፍሎሪዳ የሚገኘው ሪፍ (REEF) የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች ያዩትን ዓሣ እየመዘገበ ነው። ልጁ አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ ዝርያውን ለይቶ አንድ ብቻ፣ ከ2 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 100፣ ወይም ከ100 በላይ ብሎ ይጽፋል። ይህን ለማድረግ ሰሌዳ ይዞ እየጻፈ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት፤ ዓሣውም ጠላቂው ከተወራጨ ይሸሻል። ላየንፊሽ የተባለው ዓሣ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አገሩ ሕንድ ውቅያኖስና ፓሲፊክ ሲሆን ዘመዱ በቀይ ባሕር ይገኛል፤ እዚያ ማንንም አያስቸግርም። በ1980ዎቹ ፍሎሪዳ አካባቢ ከታየ ወዲህ በካሪቢያን የሚቆጣጠረው አዳኝ ስላጣ ትናንሽ ዓሦችን እየጨረሰ ተስፋፋ። እሾሁ መርዛማ ስለሆነ ማደኑ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ልጆች ግን የተያዘውን ሆድ ከፍተው ምን እንደበላ ሲመዘግቡ ብዙ ይማራሉ።

ይህ ሁሉ ሥራ ግን ወሰን አለው፤ ለልጆቹም በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ማናቲ ቤይ በተባለ ጥልቀት የሌለው ቦታ የባሕሩ ውሃ ሙቀት 38.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለካ። ባለሙያዎች ለዓመታት ያሳደጓቸውን ችግኞች ከባሕር አውጥተው ደረቅ መሬት ላይ ወዳለ ገንዳ ያሸሹት በዚያ በጋ ነው፤ ያላመለጡት ብዙዎቹ ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መድረሱ ታወጀ። ባሕሩን የሚያሞቀው የነዳጅ ጭስ ካልቀነሰ ብሩሽ ብቻውን ኮራልን አያድንም። «ልጅዎ ሪፉን ታድናለች» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይጠራጠሩት። «ልጅዎ የአገሩ ባለሙያዎች ዓመቱን ሙሉ በሚሠሩት ሥራ ላይ ለጥቂት ቀን ታግዛለች» የሚለው ግን እውነት ነው፤ አይናቅም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ሥራው የማን ነው? ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ማን ይቀጥለዋል? የቆጠሩት ዓሣ መዝገብ የት ይደርሳል? ለአንድ አሠልጣኝ ስንት ልጅ ይመደባል? ግፊት የሚስተካከልበት የሕክምና ክፍል በቅርብ አለ? የጠላቂ መድን ተገዝቷል? የጤና ቅጹን ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው በእውነት ይሙሉ፤ አስም ያለበትን ልጅ «ደኅና ነው» ብሎ መፈረም ፍቅር አይደለም፣ ሐኪም ይየው። የአገልግሎት ሰዓቱ እንደሚያዝላትም ከትምህርት ቤቷ አስቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ዋና አለ። የፓዲ ሥልጠና 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትንና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍን ይጠይቃል። በቤታችን ዋና የማይችሉ ብዙ ልጆች አሉ፤ ወላጆቻቸውም እንዲሁ። ስኩባ ቢቀር እንኳ ዋና አይቅር፤ በዚህ ሳምንት በሰፈርዎ ወዳለው የሕዝብ መዋኛ ይሂዱና ልጅዎን ያስመዝግቡ፣ ከቻሉም እርስዎ አብረው ይማሩ።